መሥራቹ የጋዜጣ ባለቤት ሲሆን፦ የኮሌጅን አመሠራረት ከቤተ መዛግብት ሰነድ ለማጥናት ዝርዝር መመሪያ

ስለ አንድ ኮሌጅ አመሠራረት የሚጻፉ ጽሑፎች ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። ጸሐፊው የመሥራቹን ደብዳቤ ያገኛል። ደብዳቤውን የሚደግፍ የጋዜጣ ዜና ያገኛል። ዜናውን የሚደግፍ የምክር ቤት ንግግር ይጨምርበታል። ከዚያ «ሦስት ማስረጃ አለኝ» ብሎ ይጽፋል። ችግሩ ደብዳቤውን የጻፈው፣ ጋዜጣውን ያሳተመው፣ ምክር ቤት ቆሞ የተናገረው ያው ሰውዬ መሆኑ ነው። ማስረጃው አንድ ነው፤ ሦስት ቦታ ታተመ እንጂ።

መመሪያውን በአንድ እውነተኛ ጉዳይ ላይ እንሠራዋለን፦ ናምዲ አዚኪዌና በንሱካ የሚገኘው የናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ። አዚኪዌ በ1937 ሌጎስ ላይ ዌስት አፍሪካን ፓይለት የተባለውን ጋዜጣ ጀመሩ። ቀጥለው በሌሎች ከተሞችም ጋዜጦች ከፈቱ። ከ1954 እስከ 1959 የምሥራቅ ናይጄሪያ ክልል ፕሪሚየር፣ ማለትም የክልሉ መንግሥት መሪ፣ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ሥራ የተጀመረው በዚያ ጊዜ ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ከመነሳታችሁ በፊት

እነዚህን ሳትይዙ አትንቀሳቀሱ፦

- የድጋፍ ደብዳቤ። በእንግሊዝኛ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት፣ ከነትርፍ ኮፒው። ደብዳቤው የጥናቱን ርዕስና የምትፈልጉትን ዘመን ይጥቀስ። «ለሚመለከተው ሁሉ፣ ትብብር ይደረግለት» ብቻ የሚል ወረቀት በር ላይ ያስቀራችኋል።
- ፓስፖርትና አድራሻችሁን የሚያሳይ ማስረጃ። ለንደን ኪው ያለው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ዋናውን ሰነድ ለማየት የአንባቢ ካርድ ያወጣላችኋል፤ ለካርዱ ሁለቱንም ይጠይቃል።
- እርሳስ። እስክሪብቶ የንባብ ክፍል አይገባም።
- ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ በቂ ባዶ ሜሞሪ።
- አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ። ዓምዶቹ፦ የቤተ መዛግብቱ ስም፣ የክምችቱ ስም፣ የሳጥን ቁጥር፣ የፎልደር ቁጥር፣ የሰነዱ ቀን፣ ከማን፣ ለማን፣ የፎቶው ቁጥር፣ «ድምፁ የማን ነው?»።

የመጨረሻዋን ዓምድ እንዳትዘሏት። ደረጃ 6 ላይ ሥራውን ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት።

## ደረጃ 1፦ «መመሥረት» ስትሉ የቱን ቀን ማለታችሁ እንደሆነ ወስኑ

«ዩኒቨርሲቲው እንዴት ተመሠረተ?» የሚል ጥያቄ ይዛችሁ ብትሄዱ ባለሙያው ምን ሳጥን ያውጣላችሁ? መጀመሪያ የቀኖቹን አጽም ሥሩ። ለንሱካ ይህን ይመስላል፦

1. 1954። አዚኪዌና ነጋዴው ሉዊስ ኦጁኩ ወደ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ የኢኮኖሚ ተልእኮ ሄዱ። በሪፖርታቸው ክልሉ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረቡ።
2. ሜይ 18 ቀን 1955። የክልሉ ምክር ቤት የዩኒቨርሲቲውን ሕግ አጸደቀ።
3. 1958። ሦስት ሰዎች መጥተው አጠኑ፦ የእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ጄምስ ኩክ፣ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጆን ሃና፣ እና የዚያው ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ግሌን ታጋርት። ሪፖርታቸው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በመንግሥት ታተመ።
4. 1959። ጊዜያዊ ምክር ቤት ተቋቋመ።
5. ኦክቶበር 7 ቀን 1960። ልዕልት አሌክሳንድራ መርቀው ከፈቱት። ናይጄሪያ ነጻ ከወጣች ሳምንት አልሞላትም ነበር።
6. ኦክቶበር 17 ቀን 1960። በ220 ተማሪዎችና በ13 መምህራን ትምህርት ተጀመረ።

ከእነዚህ አንዱን ምረጡ። ሁለት ከመረጣችሁ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ ጥያቄ አድርጉት። ለእኔ ከሁሉም የሚያጓጓው ከ1955 እስከ 1958 ያለው ነው። ሕግ ወጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲ ግን የለም። ያን ጊዜ ምን ይሠራ ነበር? ምን አዘገየው? ይህን ጥያቄ የያዘ ሰው የትኛውን ፎልደር እንደሚጠይቅ ያውቃል።

## ደረጃ 2፦ የስሞች ዝርዝር አዘጋጁ

ፍለጋ ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው። ሰው በዛሬ ስም ይፈልጋል፤ ሰነዱ የተከፈተው ግን በዘመኑ ስም ነው።

- የሰው ስም። አዚኪዌ በጥንት ወረቀቶች «ቤን» ወይም «ቤንጃሚን» የሚል ስም አላቸው። በጋዜጣና በወዳጆች ደብዳቤ «ዚክ» ናቸው። ከ1960 በኋላ ደግሞ በማዕረጋቸው ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ጠቅላይ ገዥ፣ ከ1963 ጀምሮ ፕሬዚዳንት።
- የቦታ ስም። «ኢኑጉ ስቴት» ብላችሁ የ1950ዎቹን ሰነድ አትፈልጉ። ያ ስቴት የተፈጠረው በ1991 ነው። «ምሥራቃዊ ክልል» እና «ምሥራቅ ናይጄሪያ» በሚሉት ፈልጉ።
- የመሥሪያ ቤት ስም። የአሜሪካ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ዩኤስኤይድ የሚለውን ስም ያገኘው በ1961 ነው። ከ1955 እስከ 1961 ዓለም አቀፍ የትብብር አስተዳደር ይባል ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ስም ነበረው።
- የተቋሙ ስም። ሳይከፈት በፊት «የታሰበው ዩኒቨርሲቲ»፣ «የምሥራቁ ዩኒቨርሲቲ» እያሉ ነው የሚጽፉት። በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ክልሉ ባያፍራ ተብሎ ሲገነጠል፣ ደግሞ ባያፍራ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል።

ሁሉንም በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ። የመፈለጊያ ሳጥን ላይ አንድ በአንድ አስገቡ። አንዱ ባዶ ሲመልስላችሁ «ሰነድ የለም» አትበሉ፤ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

## ደረጃ 3፦ ወረቀቱ የት እንዳለ ፈልጉ

አንድ ሕግ ያዙ፦ ደብዳቤ የሚገኘው ከተቀበለው ሰው ዘንድ ነው። ላኪው ጋር የሚቀረው የካርቦን ቅጂው ብቻ ነው፤ እሱም ከቀረ። ስለዚህ የመሥራቹን ደብዳቤ የምትፈልጉ ከሆነ መሥራቹ ለማን ይጽፉ እንደነበር ጠይቁ።

ይህ ለንሱካ በተለይ ይሠራል። በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ፣ በ1967፣ ከተማዋ የጦር ሜዳ ሆነች። ግቢውና ቤተ መጻሕፍቱ ክፉኛ ተጎዱ። ስለዚህ ንሱካ ላይ ያጣችሁት ደብዳቤ ሚሺጋን ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

የምትሄዱባቸው ቦታዎች፣ ከቀላሉ ጀምሮ፦

1. ማሳቹሴትስ፣ አምኸርስት። እዚያ ያለው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሆራስ ማን ቦንድን ወረቀቶች ይዟል። ቦንድ ከ1945 እስከ 1957 የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። አዚኪዌ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ናቸው። ክምችቱ በዲጂታል ተነሥቶ በነጻ ይነበባል። ቲኬት ሳትቆርጡ ከዚህ ጀምሩ።
2. ሚሺጋን፣ ኢስት ላንሲንግ። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት። የናይጄሪያው ፕሮግራም ሰነዶችና የሃና ወረቀቶች እዚህ ናቸው። የ1958ቱን ጥናት ለሚያጠና ሰው ዋናው ቦታ ነው።
3. ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት። የውጭ እርዳታ መሥሪያ ቤቶቹ ሰነድ በመዝገብ ቡድን 469 ሥር ነው።
4. ለንደን፣ ኪው። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የምዕራብ አፍሪካ መልእክቶች ሲ.ኦ. 554 በሚለው ተከታታይ ውስጥ ናቸው።
5. ኢኑጉ። የናይጄሪያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቅርንጫፍ። የክልሉ መንግሥት ፋይሎች እዚህ ይፈለጋሉ። ዋና ጉዟችሁ ይህ ነው፤ ግን መጨረሻ አድርጉት። ከሌሎቹ ያገኛችሁትን የፋይል ቁጥር ይዛችሁ ስትሄዱ ሥራው ግማሽ ያልቃል።

የመጨረሻውን ላብራራው። የድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ከላይ «ቁጥራችን» እና «ቁጥራችሁ» ይላል። ኪው ያገኛችሁት ከኢኑጉ የተጻፈ ደብዳቤ የኢኑጉውን ፋይል ቁጥር ተሸክሞ ነው የመጣው። ገልብጡት። እዚያ ስትደርሱ በርዕስ መፈለግ ትታችሁ ያንን ቁጥር ጠይቁ።

የእኛን ሀገር ጉዳይ ለምትጽፉም መንገዱ ያው ነው። የሐረማያ እርሻ ኮሌጅ በአሜሪካ እርዳታ ከኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ጋር በተደረገ ውል ነው የተቋቋመው። ያ ኮሌጅ በ1957 ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። አዲስ አበባ ያጣችሁትን ዩኒቨርሲቲው ያለባት ከተማ ስቲልዎተር ጠይቁ፤ በሁለቱም ስም።

## ደረጃ 4፦ ለባለሙያው ጻፉ

ሳትጽፉ አትሂዱ። ብዙ ሳጥኖች ከንባብ ክፍሉ ርቀው ስለሚቀመጡ ለማስመጣት ቀናት ይፈጃሉ።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። ይህን ቅደም ተከተል ተከተሉ፦

1. ማን እንደሆናችሁና የት እንደምትማሩ ወይም እንደምትሠሩ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።
2. ጥያቄያችሁ፣ ከነዘመኑ። ለምሳሌ፦ «ከሜይ 1955 እስከ 1958 መጨረሻ፣ የአዚኪዌ መንግሥትና ሃና የተጻጻፉት»።
3. ከክምችቱ ማውጫ ላይ ያያችኋቸው የሳጥንና የፎልደር ቁጥሮች።
4. የምትመጡበት ቀን፤ ወይም መምጣት ካልቻላችሁ የስካን ዋጋ።
5. ይህ ጥያቄ፦ «በማውጫው ላይ ያልወጣ፣ ገና ያልተደራጀ ተዛማጅ ክምችት አለ?»

አምስተኛውን ማንም አይጠይቅም። ኦንላይን የሚታየው ማውጫ የተደራጀውን ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ግን መደርደሪያው ላይ ምን እንዳለ ያውቃሉ።

አትጻፉ፦ «ስለ አዚኪዌ ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ»። መልስ የሚመጣላችሁ የማውጫው ሊንክ ብቻ ነው። እውነትም ሌላ መልስ የለውም።

መልስ ካልመጣ፦ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ያንኑ ኢሜይል አሳጥራችሁ ድገሙት። የቪዛና የሆቴል ወጪ ግን መልስ ሳይመጣ አታውጡ።

## ደረጃ 5፦ በንባብ ክፍሉ ውስጥ

1. ሳጥኑ ሲመጣ መጀመሪያ ሳጥኑን ራሱን ፎቶ አንሡ። ቁጥሩ ይታይ።
2. አንድ ፎልደር ብቻ አውጡ። በወጣበት ቦታ ምልክት አድርጉ።
3. የፎልደሩን ስም ፎቶ አንሡ።
4. ወረቀቶቹን በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ግለጡ። ቀናቸው የተዘበራረቀ ቢመስላችሁም አታስተካክሉ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ማስረጃ ነው፤ የትኛው ወረቀት ከየትኛው ጋር ተያይዞ እንደተላከ የሚታወቀው በእሱ ነው።
5. የእያንዳንዱን ወረቀት ጀርባ እዩ። የቀጠሮ ማስታወሻ፣ የመቀበያ ማኅተም፣ አንዳንዴም ትክክለኛው መልስ በእርሳስ የሚጻፈው ጀርባው ላይ ነው።
6. ሽቦና ስቴፕለር ራሳችሁ አትንቀሉ። ለባለሙያው ስጡ።
7. ፍላሽ አጥፉ።
8. ማታ ማረፊያችሁ ስትገቡ ፎቶዎቹን በፎልደር ለዩ፤ ስም ስጡ፤ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ለነገ ካሳደራችሁት ነገ ሌላ ሦስት መቶ ፎቶ ይጨመርበታል።

ፎቶ ማንሣት ማንበብ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲቀርጹ ውለው ሀገር ቤት ከተመለሱ በኋላ «ይሄኛው ከየትኛው ሳጥን ነበር?» የሚሉ ብዙ ናቸው። እያነበባችሁ አንሡ። ለእያንዳንዱ ሰነድ በሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር እዚያው ጻፉ።

## ደረጃ 6፦ ድምፆቹን ለዩ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ጊዜ ስጡት።

መሥራቹ ፖለቲከኛም የጋዜጣ ባለቤትም ሲሆኑ አንድ ሐሳብ በብዙ አፍ ይወጣል። ፕሪሚየሩ ንግግር ያደርጋሉ። ንግግሩ በራሳቸው ጋዜጣ ይወጣል። ርዕሰ አንቀጹ ያወድሰዋል። ከዚያ ሌላ ከተማ ያለው የዚያው ድርጅት ጋዜጣ ይደግመዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የመጣ ተማሪ አራት ምንጭ ይቆጥራል።

ስለዚህ «ድምፁ የማን ነው?» የምትለውን ዓምድ በሦስት ምልክት ብቻ ሙሉ፦

- ሀ፦ ራሳቸው የጻፉት ወይም የተናገሩት።
- ለ፦ እሳቸው የሚያዙበት። ጋዜጣቸው፣ ፓርቲያቸው፣ የመንግሥታቸው መግለጫ።
- ሐ፦ የማያዙበት ሰው ያዘጋጀው።

አንድ ነገር ተረጋገጠ የሚባለው ቢያንስ አንድ «ሐ» ሲኖረው ነው። አሥር «ለ» አንድ «ሐ» አይሆንም።

### «ሐ» ከየት ይመጣል?

ከምክር ቤት ቃለ ጉባኤ። የፕሪሚየሩን ንግግር ሳይሆን የተቃዋሚውን ጥያቄ አንብቡ። «ገንዘቡ ከየት ነው? ለምን ንሱካ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለእናንተ ነው የሚሠራላችሁ።

ከሦስቱ አጥኚዎች የየግል ደብዳቤ። የ1958ቱ ሪፖርት አንድ ነው፤ ፈራሚዎቹ ግን ሦስት ናቸው፤ አለቆቻቸው ደግሞ የተለያዩ። ኩክ በብሪታንያ በኩል መጡ፤ ሃናና ታጋርት በአሜሪካ በኩል። ብሪታንያ በ1948 ኢባዳን ላይ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ኮሌጅ ከፍታ ነበር። ሚሺጋን ስቴት ደግሞ እርሻና ሙያ የሚያስተምረው የአሜሪካ የመሬት ስጦታ ኮሌጅ ባህል ልጅ ነው። በታተመው ሪፖርት ላይ ተስማምተዋል። ከመታተሙ በፊት የተለዋወጡትን ረቂቅና ለየቤታቸው የጻፉትን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። ከረቂቁ የተሠረዘ አንቀጽ ካገኛችሁ ከታተመው ገጽ ይበልጣል።

ከምርመራ ሸንጎ። በ1956 የፎስተር ሰተን አጣሪ ሸንጎ አዚኪዌ ከአፍሪካን ኮንቲኔንታል ባንክ ጋር ያላቸውን ግንኙነት መረመረ። ሪፖርቱ በ1957 መጀመሪያ ወጣ፤ በፕሪሚየሩ ምግባር ላይም ተችቷል። ለዩኒቨርሲቲ ጥናት ምን ያደርጋል እንዳትሉ። የባንኩ፣ የጋዜጦቹና የክልሉ መንግሥት ገንዘብ እንዴት እንደተያያዘ በመስቀለኛ ጥያቄ የተመዘገበው እዚያ ነው። ሸንጎው የተቀመጠበት ጊዜ ደግሞ ደረጃ 1 ላይ ያልኳችሁ፣ ሕግ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ያልነበረበት ዘመን ነው። ያ ፕሪሚየሩን ምን ያህል እንደያዛቸው ሳታዩ «ዩኒቨርሲቲው ለምን ዘገየ?» የሚለውን አትመልሱ።

### «ሐ» ማለት ገለልተኛ ማለት አይደለም

የተቃዋሚ ጋዜጣ ስታገኙ ደስ አይበላችሁ። ናይጄሪያን ትሪቢዩንን በ1949 የመሠረቱት ኦባፌሚ አዎሎዎ ናቸው። እሳቸውም የምዕራብ ክልል ፕሪሚየር ነበሩ። ማለትም ሌላ የጋዜጣ ባለቤት፣ ሌላ ፖለቲከኛ። የቅኝ ግዛት ሹሙም ፕሪሚየሩን የሚያይበት የራሱ መነጽር አለው። የሚሺጋኑ ሰው ውሉ እንዲታደስ ስለሚፈልግ ለአለቃው ጥሩ ጥሩውን ይጽፋል። ቦንድም ለኮሌጃቸው ከአፍሪካ ጋር ወዳጅነት የሚፈልጉ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁለት የማይዋደዱ ሰዎች የተስማሙበትን ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። አዚኪዌም ሹሙም በአንድ ቀን አንድ ነገር ሆነ ካሉ፣ ሆኗል።

### የራሳቸው ጋዜጣ ታዲያ ከንቱ ነው?

አይደለም። ለሦስት ነገር ይጠቅማል፦ መሥራቹ ሕዝቡ ምን እንዲያምን እንደፈለጉ፣ ይህን መፈለግ የጀመሩበት ቀን፣ እና ዝም ያሉበት ቀን። ሦስተኛው ይበልጥብኛል። ስለ ዩኒቨርሲቲው ሲጮህ የነበረ ጋዜጣ ድንገት ዝም ካለ በዚያ ሳምንት የተጻፉትን ደብዳቤዎች ፈልጉ።

የእኛን ታሪክ ለምትጽፉም ማስጠንቀቂያው ይሠራል። አዲስ ዘመን የመንግሥት ጋዜጣ ነው። የሚኒስቴሩ መግለጫና የአዲስ ዘመን ዜና ተደምረው ሁለት ምንጭ አይሆኑም።

## ደረጃ 7፦ ገንዘቡን ተከተሉ

ንግግር ብዙ ነው፤ ደረሰኝ ግን አይዋሽም ለማለት ይቻላል፣ ቢያንስ እንደ ንግግር አይዋሽም። ከክልሉ መንግሥት ትልልቅ የገንዘብ ምንጮች አንዱ የገበያ ቦርዱ ነበር። ቦርዱ የዘንባባ ምርት ከገበሬው ይገዛና ወደ ውጭ ይሸጣል፤ ትርፉ ይከማቻል። ለዩኒቨርሲቲው የታሰበው ገንዘብም ከዚያው ኪስ ነው።

1. የክልሉን ዓመታዊ በጀት ከ1955 እስከ 1960 በተከታታይ አውጡ።
2. «ዩኒቨርሲቲ» የሚለው መስመር በየትኛው ዓመት እንደገባ መዝግቡ።
3. የተመደበውንና በእርግጥ የወጣውን ለየብቻ ጻፉ። ብዙ ሰው የተመደበውን ወስዶ «ይህን ያህል ወጣበት» ይላል።
4. የገበያ ቦርዱን ዓመታዊ ሪፖርት ከጎኑ አድርጉ። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ የሒሳብ ዓመቱ መቼ እንደሚጀምር አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ስሕተቱ እዚያ ነው።

ገንዘቡ ሁሉ በፓውንድ ነው። ወደ ብር ወይም ወደ ዛሬ ዶላር አትቀይሩ። አንባቢውን ያሳስታል እንጂ አይጠቅመውም።

## ደረጃ 8፦ ሲበላሽ ምን ይደረግ

ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ከመጣ። ባዶነቱን ፎቶ አንሡና ለባለሙያው አሳዩ። ሌላ ሰው ወስዶት ወይም ወደ ሌላ ፎልደር ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ማዛወሪያ ወረቀት ውስጡ ካለ ገልብጡ።

ፋይሉ ዝግ ከሆነ። እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ በመረጃ ነጻነት ሕግ እንዲከፈት ማመልከት ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ማመልከቻውን ሥራ በጀመራችሁበት ሳምንት አስገቡ፤ መጨረሻ ላይ አይደለም።

ደብዳቤው ፊርማ ከሌለው። ምናልባት የካርቦን ቅጂ ነው። ወይም ያልተላከ ረቂቅ ነው። እንዴት ይለያል? የመቀበያ ማኅተም ወይም መልስ ፈልጉ። ሁለቱም ከሌሉ «ጻፉ» በሉ እንጂ «ላኩ» አትበሉ።

የጋዜጣው ማይክሮፊልም ካልተነበበ። ሌላ ቤተ መጻሕፍት የተለየ ቅጂ ይዞ ሊሆን ይችላል። የለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪና ቺካጎ ያለው የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማዕከል የአፍሪካ ጋዜጦችን ይይዛሉ። ሁለቱንም ጠይቁ። ያልተነበበውን ቃል በግምት አትሙሉ።

ሁለት ሰነድ ሁለት ቀን ከሰጠ። መጀመሪያ አጻጻፉን እዩ። 10/7/60 የሚል ወረቀት ኢስት ላንሲንግ ከተጻፈ ኦክቶበር 7 ነው። ኢኑጉ ወይም ለንደን ከተጻፈ ጁላይ 10 ነው። ከዚህ በኋላም ካልታረቁ ሁለቱንም ጻፉና የትኛውን ለምን እንደመረጣችሁ በግርጌ ንገሩ።

መሄድ ጭራሽ ካልቻላችሁ። አምኸርስት ኦንላይን አለላችሁ። የሚሺጋኑን በክፍያ ስካን ጠይቁ፤ ከመላው ሳጥን ይልቅ ሁለት ፎልደር መርጣችሁ። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ አንድ ቀን ለምኑት፤ ግን ደረጃ 5ን አትማችሁ ስጡት። «እዩልኝ» ብቻ ከተባለ የሚልክላችሁ የጣቱ ጥላ ያረፈበት ፎቶ ነው።

## ደረጃ 9፦ ስትጽፉ

ቀን። በሰነዱ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ያዙ። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትቀይሩ ከሆነ በትክክል አስሉት። ሜይ 18 ቀን 1955 በእኛ ግንቦት 10 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 1960 ደግሞ መስከረም 27 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፦ የመጀመሪያው በ8 ዓመት፣ ሁለተኛው በ7 ዓመት ነው የሚለየው። ከዚህ የባሰው ስሕተት ኦክቶበርን «ጥቅምት» ብሎ ቁጥሩን እንዳለ መተው ነው። «ጥቅምት 7 ቀን 1960» የሚባል የምረቃ ቀን የለም።

ማጣቀሻ። ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ፦ ከማን ለማን፣ ቀን፣ የፎልደር ቁጥር፣ የሳጥን ቁጥር፣ የክምችቱ ስም፣ ቤተ መዛግብቱ፣ ከተማው። «ከቤተ መዛግብት የተገኘ ደብዳቤ» ማጣቀሻ አይደለም። ገምጋሚው ያንን ወረቀት ማዘዝ ካልቻለ እናንተም እንዳላያችሁት ይቆጥረዋል።

ግሥ። «ሐ» የሌለውን ነገር እንደ ሆነ አድርጋችሁ አትጻፉ። «አዚኪዌ በጋዜጣቸው እንዳሉት» በሉ። ረዘም ይላል፤ ይርዘም።

ፈቃድ። የንባብ ክፍሉ ፎቶ እንድታነሡ ፈቀደላችሁ ማለት እንድታትሙት ፈቀደላችሁ ማለት አይደለም። የደብዳቤ የቅጂ መብት በአብዛኛው የጸሐፊው ወይም የወራሾቹ ነው፤ ወረቀቱን የያዘው ተቋም አይደለም። ምስሉን ማተም ከፈለጋችሁ ለተቋሙም ለባለመብቱም በጽሑፍ አመልክቱ። መልሱ የማተሚያው ቀን ከደረሰ በኋላ ሊመጣ ይችላል። እስኪመጣ ምስሉን አውጡትና ይዘቱን በራሳችሁ ቃል ጽፋችሁ የሳጥኑን ቁጥር ግርጌ ላይ አስቀምጡ።